አዝናችሁ ሳይሆን አዝዛችሁ ግዙ

(ከገና በፊት አዲስ አበባ በተዘጋጀ የሴቶች የእጅ ሥራ ባዛር ላይ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አረፈዳችሁ? እናቶቼ፣ እህቶቼ፣ ሥራ ትታችሁ የመጣችሁ ወንድሞቼ፣ ለበዓል ከውጭ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ከኋላ የቆማችሁ፣ ፊት ለፊት ባዶ ወንበር አለ። ግቡ፤ አንናከስም።

አዘጋጆቹ «ሃያ ደቂቃ አለሽ» ብለውኛል። እኔ በአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ውስጥ ሴቶችን የማስተምር የልብስ ስፌት አሠልጣኝ ነኝ። በሃያ ደቂቃ ውስጥ ዚፕ ግጠሚ ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር። ንግግር ሌላ ነው። ለማንኛውም ሦስት ነገር ይዤ መጥቻለሁ። አንደኛ፣ እዚህ የምታወጡት ብር የት ይሄዳል? ሁለተኛ፣ ሥልጠና ብቻውን ለምን አይበቃም? ሦስተኛ፣ ከእናንተ ምን እንፈልጋለን? ሦስተኛው ላይ ትንሽ እጨቀጭቃችኋለሁ። ከአሁኑ ቻሉኝ።

ከሁለተኛው ልጀምር። የሚያንገበግበኝ እሱ ነው።

እኛ ጋ የሚመጡት ልጆች እነማን ናቸው? አንዷ በልጅነቷ ከገጠር መጥታ በሰው ቤት ያደገች ናት። አንዷ ስምንተኛ ክፍል ላይ ትምህርት አቋርጣ ልጅ ታቅፋ የቀረች ናት። አንዷ ከዓረብ አገር የተመለሰች ናት። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ የተመለሱትን ታስታውሳላችሁ? በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ነው የመጣው። ቦሌ ላይ አንድ ፌስታል ይዘው የወረዱ ልጆች ነበሩ። ያኔ ሁሉም ሰው «ሙያ ይማሩ» አለ። ጥሩ ነው። ተማሩ። ከዚያስ?

ሥልጠናው ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ማሽን ላይ ተቀምጣ የማታውቅ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋ ጨርቅ አይደለም። ወረቀት ነው። ከደብተር የተቀደደ፣ መስመር ያለው ወረቀት። መርፌው ላይ ክር የለም። መስመሩን እየተከተለች በባዶ መርፌ ትወጋዋለች። እጇ ከተስተካከለ ቀዳዳዎቹ መስመሩ ላይ ይሰለፋሉ፤ ካልሆነ ወረቀቱ ወንፊት ይሆናል። የእግር ማሽን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። እግሯ ትንሽ ከሳተ መዘውሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ወደ ኋላ ሲዞር ክሩ ይበጠሳል። የመጀመሪያው ሰሞን ክፍላችን ውስጥ የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ኧረ በጠሰ!»

ከዚያ ጠርዝ ማጠፍ ይመጣል። ኪስ፣ ኮሌታ፣ እጅጌ መግጠም ይመጣል። እጅጌ የሁሉም ፈተና ነው። ቀኙ ተገጥሞ ግራው አልገጥም ብሎ ስንት ልጅ አልቅሳለች! በመጨረሻ የብቃት ምዘናው፣ ሲኦሲ የምንለው፣ አለ። ያለፈችው ሰርተፍኬት ትቀበላለች። በምረቃው ቀን አበባ አለ፣ ፎቶ አለ፣ አንዳንዴም ለጋሽ ተገኝቶ ማሽን ይሰጣታል። እልል ይባላል።

አንዷን ተመራቂያችንን ከምረቃው ወራት በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። አንድ ክፍል ቤት ተከራይታለች። ማሽኑ ጥግ ላይ ነው። ዳንቴል ለብሷል። ዳንቴሉ ላይ የሻይ ፔርሙዝ፣ ከፔርሙዙ ጎን የልጇ ፎቶ። «ምነው?» አልኳት። «እትዬ፣ ጨርቅ መግዣ የለኝም። ሰፈሩ ውስጥ ነባር ልብስ ሰፊዎች አሉ። የሚመጣልኝ ዚፕ ቅየራ ብቻ ነው» አለችኝ። ቡና አፈላችልኝ። ቡናው ሦስተኛው ሳይደርስ ስለ ቤይሩት ታወራኝ ጀመር።

ጥፋቱ የማን ነው? የልጅቷ? አይደለም። የማሽኑ? ማሽኑ ምን በወጣው! ልጅቷ ሙያ አላት። ማሽን አላት። የሌላት የሚያዛት ሰው ነው።

ይኼ የኛ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አንድ የሩቅ ታሪክ ልንገራችሁና እመለሳለሁ። በፈረንጆቹ 1946 ኤድና ሩት ባይለር የምትባል አሜሪካዊት ወደ ፖርቶ ሪኮ ሄደች። እዚያ በበጎ ፈቃደኞች አማካይነት ስፌትና ጥልፍ የሚማሩ ድሃ ሴቶች አየች። ሥራቸው ያምራል። ገዢ ግን የለም። እሷ ምን አደረገች? ለሴቶቹ ገንዘብ አላዋጣችም። ጥልፉን ይዛ ወደ ፔንስልቬንያ ተመለሰች፤ ለጎረቤትና ለዘመድ መሸጥ ጀመረች። ሲያልቅ ሌላ አስመጣች። በመኪናዋ እየዞረች ሸጠች። ዛሬ በዓለም ላይ ፍትሐዊ ንግድ የሚባለው ነገር ከተነሣባቸው ቦታዎች አንዱ ያ ነው። ሥልጠናው ቀድሞም ነበር። የጎደለው ገዢ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። እንጦጦን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ባሕር ዛፉን ያስመጡት አፄ ምኒልክ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ስንት እናት ከዚያ ተራራ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክማ ወርዳለች! ወገቧ ጎብጦ፣ ከጥበቃ እየተደበቀች። ከእነዚህ እንጨት ተሸካሚዎች መካከል ሸክሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ሽመና የተማሩ አሉ። ሸክም ትቶ መቀመጥ ቀላል ይመስላል? በኛ ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። እንዝርት የሴት ነው፣ መወርወሪያ የወንድ ነው። እነዚያ ሴቶች የሽመና ዕቃው ላይ ተቀምጠው ድርና ማጉን ሲያገናኙ ሰው ስቆባቸዋል። ዛሬ ሻርፓቸውን የሚገዛ ሰው ሥራውን አይቶ ነው የሚገዛው። አለርት ግቢስ? አለርት የሚባለው የሥጋ ደዌ ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል በ1958 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። የሥጋ ደዌ ያገኛቸው እናቶች የሠሩት ጥልፍ ስንቶቻችሁ ቤት አለ? እጃችሁን አውጡ እስቲ። አያችሁ? የሶፋ ልብስ፣ የትራስ ልብስ፣ የጠረጴዛ ልብስ። ዓመታት ያገለገለ ነው። የገዛችሁት አዝናችሁላቸው ነው ወይስ ሥራው አምሮባችሁ? ለራሳችሁ መልሱ።

አሁን ወደ ብሩ ልምጣ። አንደኛው ነጥቤ ይኼ ነው።

እንበል፣ አንድ ሻርፕ በ1000 ብር ገዛችሁ። ምሳሌ ነው። ከዚያ ላይ ክርና ማቅለሚያ አለ። የሠሪዋ የእጅ ዋጋ አለ። የቤት ኪራይ፣ መብራት፣ ትራንስፖርት፣ ግብር አለ። የሚተርፈው ለቀጣዮቹ ሠልጣኞች ጨርቅና መርፌ ይገዛል። መርፌ ስንት እንደሚሰበር ብታውቁ! የ2011 ዓ.ም. የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ፣ ቁጥር 1113፣ በጎ አድራጎት ድርጅት ገቢ ማስገኛ ሥራ እንዲሠራ ፈቅዷል። ትርፉ ግን ለአባል አይከፋፈልም። ለተቋቋመበት ዓላማ ነው የሚውለው። እንግዲህ መጠየቅ መብታችሁ ነው። የኛ የሂሳብ መዝገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። ገልብጡት።

ግን አንድ ነገር ለዩልኝ። «ለበጎ አድራጎት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እንግሊዝ አገር እንደነ ኦክስፋም ያሉት ሰው የለገሰውን ያገለገለ ዕቃ ሸጠው ገቢውን ለሥራቸው ያውላሉ። እዚያ ልብሱን የሰፋው ማን እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ሌላው ከመርካቶ ገዝቶ አትርፎ ሸጦ ትርፉን ለሴቶች ይሰጣል። ይኼም አይነቀፍም። ሦስተኛው ሠሪዋ ራሷ የምትከፈልበት ነው። ለሙያ ሥልጠና የሚጠቅመው ይኼኛው ነው። ስለዚህ ስትገዙ «ይኼን ማን ሠራው? ስንት ተከፈላት?» በሉ። አገራችን የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ አላት፤ ቁጥር 1156። የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል ግን እስከዛሬ አልወጣም። ሕጉ ወለል ካላበጀ የሚጠይቀው ማን ነው? ገዢው ነው። እናንተ ናችሁ።

ሌላው የብር ጉዳይ ፉክክሩ ነው። በአንድ ወገን ሰልቫጅ አለ። ልጆቼ የሚሰፉት ሸሚዝ ከሰልቫጅ ሸሚዝ ጋር በዋጋ አይወዳደርም። በሌላ ወገን ከቻይና የሚመጣው ጥለት የታተመበት «የሀበሻ ቀሚስ» አለ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ቀርባችሁ ገልብጡት። በእጅ የተሠራ ጥለት ከጀርባው ክሩ ይታያል። የታተመው ጀርባው ነጭ ነው ወይም ቀለሙ ደብዝዞ ይታያል። ሽሮ ሜዳ ስትሄዱ ይቺን ልመዱ። ገልብጡ።

አሁን ሦስተኛው። ጭቅጭቁ።

እንዲህ ባለው ባዛር ላይ አንዲት እናት መጡ። ደግ ሴት ናቸው፣ ከፊታቸው ያስታውቃል። ጠረጴዛው ጋ የቆመችው ሠልጣኝ ራሷ የሰፋችው ቦርሳ ነበር። «ምስኪን! ይቺን ልውሰድላት፣ ለነፍሴ» አሉ። ከፈሉ። መልስም አልተቀበሉ። ልጅቷ «እግዜር ይስጥልኝ» አለች። እርሳቸው ከሄዱ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብላ ምን አለችኝ መሰላችሁ? «እትዬ፣ ዚፑን እኮ አልከፈቱትም።» ያን ዚፕ ስትፈታ ስትገጥም ነበር ያመሸችው። ጥርሱ እንዳይነክስ፣ ጫፉ እንዳያፈነግጥ። አንድ ሰው ከፍቶ ዘግቶ «ጎበዝ» እንዲላት ፈልጋ ነበር። ብሩን አገኘች። ያንን አላገኘችም።

አሁን ሌላውን ስሙኝ። አንድ ሆቴል፣ ስሙን ልተወው፣ የወጥ ቤት ሽርጥ አዘዘን። ልጆቹ ተደስተው ሠሩ። ወሰድን። ኃላፊው ሜትር አወጣ። ኪሱን ለካ። የአንዱ ኪስ ከሌላው አይገጥምም። ልጆቹ በዓይን ግምት ነበር የቆረጡት። ዕቃውን መለሰብን። ለቅሶ ሆነ! አንዷማ «ነገ አልመጣም» ብላ ወጣች። መጣች ግን። ኪሱን ሁሉ ፈትተው፣ ከካርቶን ቅድ አውጥተው፣ በቅዱ ቆርጠው መልሰው ገጠሙት። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ኪስ በዓይን አይቆረጥም። የካርቶን ቅዶቹ ግድግዳው ላይ በሚስማር ተንጠልጥለዋል። አዲስ ልጅ ስትመጣ መጀመሪያ የምታሳያት ያቺ «ነገ አልመጣም» ያለችው ናት።

ለልጆቹ የበለጠ የሠራላቸው ማን ነው? እኚያ ደግ እናት ወይስ ያ ሜትር ያወጣ ሰውዬ? እኔ ሰውዬው ነው እላለሁ። በእርግጥ ሰውዬው ሂሳባችንን ለመክፈል ወራት አመላልሶናል፤ እሱን ይቅር አልለውም። ግን ዕቃው ሲመለስ ልጆቹ ተማሩ። ያልተመለሰ ዕቃ አያስተምርም። አዝኖ የሚገዛ ሰው ደግሞ ዕቃ አይመልስም። እቤቱ ወስዶ ቁም ሣጥን ውስጥ ይጥለዋል። በዓመቱ ተመልሶ ሌላ ይገዛል፤ እሱንም ይጥለዋል።

ስለዚህ እለምናችኋለሁ። ዚፑን ክፈቱ። ስፌቱን ሳቡ። ገልብጡ። ካልሆነ «አልሆነም» በሉ፣ መልሱ። እባካችሁ መልሱ!

ደግሞ ታሪኳን አትጠይቋት። ይኼን ስል አትቀየሙኝ። «እናትሽ አለች? የልጁ አባት የት ሄደ? ዓረብ አገር ምን አደረጉሽ?» ሻርፕ ሊገዛ የመጣ ሰው ይኼን ምን አገባው? ፎቶም አታንሷት፣ ካልፈቀደች። እሷ እዚያ የቆመችው ሻርፕ ልትሸጥ ነው። ስለ ሻርፑ ጠይቋት፤ ስለ ክሩ፣ ስለ ማቅለሚያው፣ እንዴት እንደሚታጠብ። ያን ጊዜ እንዴት እንደምታወራ ታያላችሁ።

ዋጋ ላይስ? መርካቶ ላይ ተከራከሩ፤ እኔም እከራከራለሁ፣ ደስ ይለኛል። እዚህ ግን «ለበጎ አድራጎት ነው እኮ፣ ቀንሱልን» የሚል ሰው ይገጥመኛል። እንዴት ነው ነገሩ? በጎ አድራጊዋ ሻጯ ሆነች ማለት ነው?

አሁን ትዕዛዝ። ዋናው ነገሬ ይኼ ነው። አንድ ሰው በዓመት አንዴ አንድ ቦርሳ ከሚገዛ፣ አንድ እድር ሃምሳ ሽርጥ ቢያዝ ይሻላል። እድራችሁ ምግብ አብሳዮች የሉትም? ሽርጥ አይለብሱም? የወንበር ልብስስ? የማኅበራችሁ መጋረጃ? ሰርግ ያለባችሁ የለም? የሚዜዎቹ ሻርፕ፣ ለእንግዳ የሚሰጠው መታሰቢያ? መሥሪያ ቤታችሁ ለጽዳት ሠራተኞቹ ቱታ የሚያሰፋው የት ነው? ሆቴል ያላችሁ፣ ክሊኒክ ያላችሁ፣ መዋዕለ ሕፃናት ያላችሁ፣ ሁላችሁም ጨርቅ ትጠቀማላችሁ። አዲስ ወጪ አውጡ አላልኩም። ያንኑ የምታወጡትን ወዲህ አዙሩት ነው ያልኩት።

ስታዙ ቀብድ ስጡ። ልጆቹ ጨርቅ የሚገዙበት ከየት ይምጣ? የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅት አሥር መርሆች አሉት። ከእነሱ አንዱ ለእጅ ሥራ ትዕዛዝ፣ ሠሪው ከጠየቀ፣ ቢያንስ ግማሹ ያለ ወለድ አስቀድሞ ይከፈል ይላል። እኛ ስንለምን የኖርነውን እነሱ ጽፈው አስቀምጠውታል። የቀረውን ደግሞ ዕቃውን ስትረከቡ ክፈሉ። «ነገ ና፣ ከነገ ወዲያ ና» አይሁን።

ጊዜውንም አስተካክሉልን። የሁሉም ሰው ልብ የሚራራው ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ ሲደርስ ነው። ያኔ ትዕዛዙ ይከመራል፣ ልጆቹ ሌሊት ያድራሉ፣ ጥራቱ ይወርዳል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ሰርግ የለም፣ ሥራ ይቀዘቅዛል። ክረምት ሲገባ ጭራሽ ይጠፋል። የቤት ኪራይ ግን አይጾምም። ክረምትም አያውቅም። ልጅ የምትጠፋብን ያኔ ነው። ከሐምሌ እስከ ነሐሴ ባለው ጊዜ ውስጥ ደላላ ሲደውል «እሺ» የምትለው ያኔ ነው። ስለዚህ የእንቁጣጣሽ ስጦታችሁን በሰኔ እዘዙ። የመስከረም ሰርጋችሁን ሻርፕ በሐምሌ። ለመጪው ገና የምትፈልጉትን በነሐሴ። ምን ይጎዳችኋል? ለእናንተ ቀን መቀየር ነው።

ከውጭ የመጣችሁ ወገኖቼ፣ ለእናንተ አንዲት ነገር አለችኝ። አሜሪካ በ2014 ዓ.ም. አገራችንን አጎዋ ከሚባለው የቀረጥ ነፃ ንግድ ዕድል ካስወጣቻት ወዲህ ወደ አሜሪካ ጨርቃ ጨርቅ ያለቀረጥ ማስገባት ቀርቷል። ስለ ሐዋሳ ፋብሪካዎች ብዙ ተወርቷል። ሻርፕ የሚልኩ ትንንሽ ቤቶችም ግን ዋጋቸው ላይ ቀረጥ ተጨምሮባቸዋል። እናንተ ስትመለሱ ሻንጣችሁ ውስጥ አንድ ሁለት ናሙና ይግባ። ቤተ ክርስቲያናችሁን፣ የሠፈራችሁን ማኅበር፣ የሚያውቃችሁን ምግብ ቤት አሳዩ። የሚወዱት ከሆነ ትዕዛዙ ይምጣ፤ ካልወደዱት ለምን እንዳልወደዱት ጻፉልን። ቀለሙ ነው? መጠኑ ነው? ባለፈው አንዲት ልጅ ከዚያ «ሻርፑ አጥሯል» ብላ ላከችልን። አስረዘምነው። ደግሞ እባካችሁ ከበርበሬው ጋር አንድ ፌስታል ውስጥ አትክተቱት! ሽታው አይለቅም። ምን ላድርጋችሁ፣ ደርሶብን ነው።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢዋ እያየችኝ ነው። ልጨርስ።

በሩ አጠገብ፣ በስተቀኝ፣ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መዝገብ አለ። የትዕዛዝ መዝገብ ነው። ለየወሩ አንድ አንድ ገጽ ከፍተናል። የታኅሣሥና የጥር ገጾች ሞልተዋል፤ እዚያ አትጻፉ፣ አንችለውም። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለው ባዶ ነው። ስማችሁን፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ ስንት እንደሆነ ጻፉ። እዚያ የተቀመጠችው ልጅ መጠኑን ትለካላችኋለች፤ ሜትር ይዛለች። የእድር ሰብሳቢዎች፣ ሳትጽፉ እንዳትወጡ። አውቃችኋለሁ፣ ስም እየጠራሁ ነው የማስቆማችሁ።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ። አመሰግናለሁ።